ጉደታ፣ ሁሴኖና ጥፋተኛው ተራራ

ጉደታ ቱፋ ቁጭ ማለት አይችልበትም። ስድብ አይደለም፤ አሰላ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ የሚመሰክረው ነገር ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ከተቀመጠ ንፍሮው እሱ ጋ ሳይደርስ ተነስቶ የድንኳኑን ገመድ ሲወጥር ይገኛል። እሁድ ጸሎት ቤት ስብከቱ እኩሌታ ሳይደርስ ውጭ ወጥቶ የሰው መኪና ጎማ በጫማው እየመታ፣ "ይቺ አየር ያንሳታል" ሲል ስንቱ አይቶታል። ፓስተሩ አንድ ቀን፣ "ወንድም ጉደታ እስኪመለስ አንድ መዝሙር እንዘምር" ብለዋል ይባላል። አላሉም የሚሉም አሉ፤ መዝሙሩ ግን ተዘምሯል።

እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜውን በሙሉ ላንድሮቨር ሲነዳ ነው የኖረው። ከአሰላ ሳጉሬ፣ ከሳጉሬ በቆጂ፤ አስፋልቱ መጥቶ ሚኒባሶቹ ዋናውን መንገድ ሲወስዱበት ደግሞ እነሱ የማይደፍሩት ጭቃ ውስጥ ገባ። ሙሽራ ጭኗል፣ ወላድ ጭኗል፣ ድንች ጭኗል፤ አንዳንዴም ሦስቱን ባንድ ላይ።

አምና ግን የግራ ዓይኑ ከዳር ከዳር ማየት ተወ። ሐኪሟ መረመረችውና፣ "የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረው እንዳይሄድ ይሄን ጠብታ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቀው ይጨምሩ። መንዳት ግን ከእንግዲህ ይቅርብዎት" አለችው።

መንዳቱን ተወ። ትራፊኮቹ በሙሉ ስለሚያውቁት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ጠብታው ነው ያስቸገረው። ጠብታ ማለት አንገትን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይንን ገልጦ፣ ከዚያ ጨፍኖ ትንሽ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን የሚችል ሌላ ሰው ነው። ሚስቱ ወርቅቱ ጠርሙሷን ይዛ በላዩ ትቆማለች፣ እሱ አንገቱን ይጥላል፣ ጠብታዋ ልትወርድ ጫፍ ላይ ስትደርስ፣ "ቆይ፣ የውጭውን በር ማነው የከፈተው?" ብሎ ይነሳል። መድኃኒቱ ግንባሩን አክሟል፣ ጆሮውን አክሟል፣ የሶፋውን መደገፊያ አክሟል። ዓይኑ ጋ የደረሰው ትንሽ ነው።

"ሌላው ሰው ተቀምጦ ነው የሚታወር" ትላለች ወርቅቱ። "የኔው እየተራመደ ይታወራል።"

ቤት መዋል ጀመረ። ጠዋት ተነስቶ ግቢ ውስጥ የቆመችውን ላንድሮቨር ያስነሳል፣ ያሞቃታል፣ አንድ እርምጃ ወደፊት አንድ እርምጃ ወደኋላ ያደርጋትና ያጠፋታል። ቀጥሎ ወጥ ቤት ገብቶ ወርቅቱን ሽንኩርት አከታተፍ ያስተምራታል። ቀጥሎ ከወጥ ቤት ይባረራል። ቀጥሎ አጥሩን ይነቀንቃል፤ የተነቀነቀ አጥር ደግሞ መጠገን አለበት፣ ስለዚህ ይጠግነዋል። ይሄ ሁሉ ሆኖ ገና ረፋድ ነው።

መላ ያመጣችው ልጃቸው ሐዊ ናት። ሐዊ አዳማ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ነው የምትኖረው። "አባዬን መንዳት ብቻ አይደለም የናፈቀው፤ ወሬ ነው" አለች። "ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ነገር እንፈልግለት።"

ያ ነገር ሬዲዮ ሆነ። የሚያዳምጡት አይደለም፤ የሚናገሩበት። ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው በአየር ሞገድ የሚነጋገሩ ሰዎች በዓለም ላይ ሞልተዋል፣ አማተር ይባላሉ። ዝም ብሎ መናገር የለም፤ ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ፈቃድ ያገኘም እንደ መኪና ታርጋ የራሱ የጥሪ ስም ይሰጠዋል። ጉደታ ታርጋ የምትለዋን ሲሰማ ጆሮው ቆመ።

አዲስ አበባ ተመላልሶ ተማረ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የልጁ እኩዮች ነበሩ፤ ከአንድ ሰው በቀር። እሱም የበቆጂው ሁሴኖ ነው። ሁሴኖ ወፍጮ ቤት አለው። ዕድሜ ልኩን ከወፍጮ ድምፅ በላይ ሲጮህ ስለኖረ፣ "ላንተ ብቻ ልንገርህ" ሲል የጎረቤት መስኮት ይከፈታል። ሁለቱ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጉደታ አየር ልቀበል ብሎ ሲወጣ፣ አስተማሪው ያለውን ሁሉ ሁሴኖ በሹክሹክታ ይነግረዋል፤ ጉደታ ግቢው በር ላይ ቆሞ ይሰማዋል። እንዲህ ሆነው ሁለቱም አለፉ።

ሬዲዮውንም አንድ ዓይነት ገዙ፣ ከቻይናዎቹ ርካሿን። መኪና ላይ የምትገጠም፣ ከመዝሙር መጽሐፍ ትንሽ ወፈር የምትል፣ ማይኳ በተጠማዘዘ ገመድ የተንጠለጠለ። ርካሽነቷን አትደብቅም፤ ቁልፎቿ ላይ ያለው ጽሑፍ በጣት ላብ ይለቃል። መመሪያዋን ሐዊ አንብባ ስትጨርስ፣ "አባዬ፣ ይሄን ከማንበቤ በፊት እንግሊዝኛ እችል ነበር" አለችው። ሥራዋ ግን ቀላል ነው። ማይኩ ጎን ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑ ይናገራሉ፣ ሲለቁ ይሰማሉ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሳይለቁ ከተናገሩባት እንዳትግል ብላ ራሷ ጢጥ ትልና ትቆርጣለች። ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ባትሪ ላይ ሰክተው፣ አንዱ ከግቢው ወዲህ አንዱ ከወዲያ ፊት ለፊት እየተያዩ ሞከሯት። አንዱ አፉን ሲከፍት ሌላው እያየ ጠበቀ፣ ሠራች። ተቃቅፈው ተለያዩ።

አሰላ ሲመለስ መግጠሙ መጣ። አንቴናዋ ከታች ማግኔት አላት፤ የመኪና ጣሪያ ላይ ጣል ሲያደርጓት ጥብቅ ትላለች ተብሏል። ጉደታ ላንድሮቨሩ ላይ ጣል አደረጋት። ተንሸራታ ወረደች። ደገመ። ወረደች። ተታልሎ የገዛት መሰለው። ለካ የነዚያ የድሮ ላንድሮቨሮች አካል አሉሚኒየም ነው፣ ማግኔት አይዘውም። ዕድሜውን ሙሉ ብረት እነዳለሁ ሲል የነዳው ድስት ነበር። ከዘይት በርሜል ላይ ብረት አስቆርጦ ጣሪያው ላይ በብሎን አሰረና አንቴናዋን እዚያ ላይ አቆማት። ኤሌክትሪኩን ደግሞ ከሲጋራ መለኮሻው ወሰደ፤ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ከዚያ በፊት ነክቶት አያውቅም። ማይኩን ሲጫን ፊውዙ ተቃጠለ። ይሄንንም እንደ ተግሣጽ ቆጥሮ፣ ገመዱን ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኘው።

ከሁሴኖ ጋር በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። በስድስት ሰዓት ሁሴኖ ወፍጮውን ለሶላትና ለምሳ ስለሚያቆም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰላምታ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። አርሲ ውስጥ ሰላምታ ዘሎ ወደ ጉዳይ የሚገባ ሰው ወይ ቤቱ እየተቃጠለበት ነው ወይ አሳዳጊ የበደለው ነው። ከብቱ ይጠየቃል፣ ልጁ ይጠየቃል፣ ዝናቡ፣ አዝመራው፣ የታመመው፣ የተሻለው ይጠየቃል። ተራ መጠበቅም የለም። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ዝም ብሎ ካዳመጠ ቂም የያዘ ይመስላል። ሁለቱም እኩል ይጠይቃሉ፣ እኩል ይመልሳሉ፣ ሲያበቁ ሁለቱም ሁሉን ሰምተዋል። ቀድሞ የሚጀምረው ታናሽ ነው። ጉደታና ሁሴኖ ማን ማንን እንደሚበልጥ አይታወቅም፤ ሁለቱም ጨዋ ስለሆኑ ግን እያንዳንዱ ራሱን ታናሽ አድርጎ ይዟል።

በመጀመሪያው ቀን ጉደታ ላንድሮቨሩ ውስጥ ገብቶ፣ ፀጉሩን በውሃ አርጥቦ፣ ስልኩ ስድስት ሰዓት ስትል ማይኩን ተጫነ። የጥሪ ስሙን ተናገረ። ከዚያ፣ "ኦቦ ሁሴኖ፣ አካም ጂርቱ? ነጋ? ሎን ነጋ? ከብቶቹ ደህና? ልጆቹ ደህና? ወፍጮውስ? ያ ቺንጊያው ተቀየረ?" እያለ ቀጠለ፣ ሬዲዮዋ ጢጥ ብላ እስክትቆርጠው። ለቀቀ። ሽሽሽ አለች። ሽሽታ ደግሞ ጉደታ የማይችለው ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ተንፍሶ እንደገና ተጫነ። ጢጥ። ሽሽሽ። እንደገና።

ከዚያ ስልክ ተደወለ።

"ኦቦ ጉደታ፣ ሰሙኝ?" አለ ሁሴኖ። ስልኩን ከጆሮ ራቅ አድርጎ መያዝ ነው።

"አልሰማሁዎትም። እርስዎስ?"

"አንድ ቃል አልሰማሁም። ሽሽታ ብቻ።"

"እኔ እኮ ልክ በሰዓቱ ነው የጀመርኩት።"

"እኔም አንድ ሰከንድ አላሳለፍኩም፣ ወላሂ።"

"ታዲያ ምን ይሆን?"

ሁለቱም ትንሽ አሰቡ። አሰላ ሆኖ አንገቱን ቀና ያደረገ ሰው የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ በቆጂ ሆኖም ዞር ያለ አያጣውም።

"ጭላሎ ነው" አለ ጉደታ።

"እኔም አፌ ላይ ነበር" አለ ሁሴኖ። "ተራራው ይውጠዋል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተራራው ጋር ጦርነት ሆነ። ጉደታ ላንድሮቨሯን ከግቢው አንድ ጥግ ወደ ሌላው አዞራት፤ አፍንጫዋን ወደ በቆጂ፣ ጀርባዋን ወደ በቆጂ። አንቴናዋን ባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ሰቀላት። ሚኒባስ የሚነዳውን ጎረቤቱን ለሊሳን ለምኖ ወደ ሳጉሬ መንገድ ጉብታ ላይ አስወጣው፤ እዚያም ሽሽታው ያው ነው፣ ነፋሱ ብቻ በዛ። ለሊሳ፣ "ጋሽ ጉዴ፣ ስልክ እኮ አለዎት፣ ሰውየው ያነሳል" ቢለው፣ "በስልክ ማንም ያወራል" ብሎ ዘጋው። ሁሴኖም በበኩሉ ወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ዱቄት እንደለበሰ አንቴና ሲያቆም፣ የበቆጂ ሰው መብረቅ ሊጠራብን ነው ብሎ አማው። ቀን በቀን በስድስት ሰዓት ሁለቱም ይገባሉ፣ ቀን በቀን በስልክ ጭላሎን ይራገማሉ። ጉደታ እንቅልፍ አጣ። ምሳ ቆሞ መብላት ጀመረ። ሐዊ አባቷን ቁጭ ታስብላለች ብላ ያሰበቻት ዕቃ የቀረችውን መቀመጫ ነሳችው።

አንድ ጠዋት አንቴናዋ ዘመም ያለች መሰለውና ላንድሮቨሩ ጣሪያ ላይ ወጣ። ቀና አደረጋት። ሲወርድ በግራ በኩል ያለውን የጣሪያውን ዳር ዓይኑ አላየለትም። ወርቅቱ ድምፅ ሰምታ ስትወጣ የጎመኗ መደብ ላይ ተጋድሞ አገኘችው።

"ምን ሆነህ ነው?"

"አንቴናው ዘምሞ ነበር።"

"አሁን ቀና?"

"ቀንቷል።"

"ጎመኔስ?"

ጎኑ ተላልጦ ነበር፤ ጎመኑ ግን ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

በማግሥቱ ወርቅቱ፣ "የሐዊ አባት፣ ስማኝ" አለችው።

"እየሰማሁ ነው" አለ ወደ በሩ እየሄደ።

"ተቀምጠህ ስማኝ።"

ተቀመጠ፤ ግማሹን።

"ያ የሳጉሬው ሚፍታ መኪናዋን ሽጡልኝ እያለ ስንት ጊዜ ለመነን። ቅዳሜ ና ብዬዋለሁ። እስከዚያ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በዚህች ሳጥን 'ሰማሁህ' ይበልህ። ካለህ መኪናዋም ሳጥኗም እዚሁ ይቀመጣሉ፤ ጣሪያው ላይ ግን የሚወጣልህ ለሊሳ ነው። ካላለህ ሚፍታ ይዟት ይሄዳል፣ አንተም እኔ ጋር ሶፋ ላይ ትውላለህ።"

ጉደታ ይቺን የመጨረሻዋን ሲሰማ ከተቀመጠበት ግማሽም ተነሳ። ላንድሮቨሯ የቀረችው እግሩ ናት። ባይነዳትም ያስነሳታል፣ ባትሄድም ትንቀጠቀጣለች፤ እላይዋ ላይ ተቀምጦ ሲንቀጠቀጥ ቢያንስ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ይመስለዋል። እሷ ከሄደች የሚቀረው ሶፋው ነው። ሶፋው ደግሞ ሞተር የለውም።

"እሺ" አለ። ሌላ ምን ይላል።

ያን ሳምንት ለሁሴኖ ደወለለት። ነገሩን ሲሰማ ሁሴኖ ወፍጮውን አስቆመ።

"መፍትሔው አንድ ነው" አለ። "ሰዓታችንን እናስተካክል። እስካሁን ምናልባት አንዳችን ትንሽ እየቀደምን ይሆናል። ቅዳሜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እኩል፣ ባንድ ትንፋሽ እንጫን።"

"ይሄ ነው እውነተኛው ምክር" አለ ጉደታ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጉደታ ከጠዋት ጀምሮ ላንድሮቨሩ ውስጥ ነው፤ ማለት ይገባል፣ ይወጣል። ውሃ ጨመረ፤ ሙሉ ነበር። ጎማ መታ፤ አየር አላነሳትም። የባትሪውን ማሰሪያ አጠበቀ፣ አላላ፣ አጠበቀ። ወርቅቱ ደጅ ላይ ስንዴ እያበጠረች በጎን ታየዋለች። አሳዝኗታል፤ ቃል ግን ቃል ነው፣ ሰውየውም ዳግመኛ ከወደቀ ጎመን የለም።

ሚፍታ የደረሰው ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሚፍታ የሳጉሬ እህልና ድንች ነጋዴ ነው፤ ድንቹን ከጭቃ ውስጥ የምታወጣለት መኪና ይፈልጋል፣ እንደዚህች ያለች ደግሞ ዛሬ በቀላሉ አትገኝም። ነጋዴ ይሁን እንጂ ሰው አክባሪ ነው። ወርቅቱን እስከ ከብቶቿ ድረስ ሰላም ብሎ ሲያበቃ፣ "ጋሽ ጉደታስ?" አለ።

"መኪናዋ ውስጥ ነው። እየተሰናበታት ነው መሰለኝ።"

ሚፍታ ሄዶ የጋቢናውን በር ከፍቶ ጎኑ ገብቶ ተቀመጠ፤ እጁንም ዘረጋ። ልክ ያኔ የጉደታ ስልክ ስድስት ሰዓት አለች።

ጉደታ ቀኝ እጁ ማይኩን ይዟል። ለሰው ግራ እጅ አይዘረጋም። እቤትህ የመጣን ሰው ደግሞ ቆይ አይባልም። ዓይኑ ሬዲዮዋ ላይ እንደተተከለ ማይኩን ጭኑ ላይ ጣለና እጁን ሰጠ።

ሚፍታ ያዘው። አርሲ ውስጥ እጅ የሚለቀቀው ሰላምታው ሲያልቅ ነው።

"እንዴት ነዎት ጋሽ ጉደታ? ደህና ከረሙ? ጎንዎን ታመሙ ሲሉኝ፣ ምነው እኔን ባደረገኝ ብዬ፤ አሁን እንዴት ነው?"

"ይመስገነው" አለ ጉደታ እጁን ሳብ እያደረገ። እጁ አልመጣም።

"ሐዊ ደህና ናት? አዳማ ተስማማት?"

"ደህና ናት፣ ደህና። ሚፍታ፣ እጄን።"

"እጅዎንም ታመዋል እንዴ?" አለና በሁለት እጁ ያዘው።

የጉደታ እግር ፍሬኑን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። ሰዓቱ አለፈ፣ እኩል የሚጫኑበት ትንፋሽ ወጣ፣ ማይኩ እዚያ ጭኑ ላይ፣ እጁ እዚህ የሰው እጅ ውስጥ። እና ያን ጊዜ ሽሽታው ቆመ።

"ኦቦ ጉደታ፣ አካም ጂርቱ? ነጋ? ሎን ነጋ? ከብቶቹ ደህና ናቸው?"

ከሬዲዮዋ ነው። የሁሴኖ ድምፅ ነው፤ ከበቆጂ እስከ አሰላ ወርዶ እንኳ ጩኸቱ አልቀነሰም።

"አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው" አለ ሚፍታ ለሬዲዮዋ። ከብት ለጠየቀ ሰው መልስ አይነፈግም። ቀጥሎ ወደ ጉደታ ዞሮ፣ "ሁሴኖ ባለወፍጮው ነው እንዴ? ድምፁን የትም እለየዋለሁ፣ ስንዴ አስፈጭቼበት ሦስት ቀን ጆሮዬ ጮኋል።"

ወርቅቱ ሰፌዷን ይዛ እየመጣች ነው።

"ሐዊስ ደህና ናት?" ይላል ድምፁ። "ጎንዎን ተሻለዎት? ጎመኑም ይተካል፣ ኢንሻአላህ። ወይዘሮ ወርቅቱ እንዴት ናቸው? ያ ጉልበታቸውስ? ብርድ ሲነሳ ይብስባቸዋል ብለውኝ ነበር። በቆጂ ብርዱ ጀምሯል፣ ወደናንተ እየወረደ ነው፣ አደራ ይሸፍኑት በሉልኝ። አባቴ ለጉልበት የሚለው ነበር፣ ፌጦ በቅቤ ለውሶ ማሰር ነው። ትናንትም ብያለሁ፣ ከትናንት ወዲያም ብያለሁ፣ ተራራው ውጦት ይሆናል እንጂ፤ ዛሬ ካለፈ ደህና፣ ካላለፈም ነገ እላለሁ።"

ወርቅቱ መስኮቱ ጋ ቆማ ሰማች።

"ይሄ ሰውዬ በየቀኑ ጉልበቴን ይጠይቃል?" አለች ዝግ ብላ።

"እኔ... አላውቅም" አለ ጉደታ። እውነቱን ነው፣ አያውቅም።

ጢጥ። ሦስት ደቂቃው ሞልቶ የሁሴኖ ሬዲዮ ቆረጠችው።

ይቺን ጢጥታ ሲሰማ ነው ለጉደታ የበራለት። ፈተናው ላይ አንድ ጥያቄ ነበረች፤ ሁለት ሰዎች ባንድ ሞገድ ላይ ባንድ ጊዜ ቢናገሩ ምን ይሆናል የምትል። ሁለቱም ልክ መልሰዋታል፤ አንዱም ሌላውን አይሰማም ብለው። ጥያቄዋ ግን ሰዎቹ ሰላም መባባል ያለባቸው ሰዎች እንደሆኑ አልተናገረችም። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ ከብት ሲጠይቅ ሁሴኖም ከብት ይጠይቅ ነበር፤ እሱ ጢጥ ሲባል ሁሴኖም ጢጥ። ጣታቸው ከቁልፉ ላይ አልተነሳም። ቅዳሜን ደግሞ እኩል እንጫን ተባብለው ነበር። እጁን ሚፍታ ባይይዝለት ኖሮ ዛሬም ሁለቱ እኩል ይጮሁ ነበር።

"ጋሽ ጉደታ፣ ሰውየው እየጠየቁዎት ነው እኮ" አለ ሚፍታ። "ቢመልሱላቸው ምናለ?"

"እጄን ልቀቀኝና።"

ለቀቀው። ሁሴኖ ትንፋሽ እየሰበሰበ ይሁን እንጃ ገና አልተጫነም፤ ጉደታ ማይኩን አንስቶ ተጫነ፤ የጥሪ ስሙን ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም ነበር። ከዚያ፣ "ኦቦ ሁሴኖ፣ አካም ጂርቱ? ነጋ? ሎን ነጋ?" ብሎ ገባበት።

"ስለ ጉልበቴ ንገረው" አለች ወርቅቱ።

"ከብት ላይ ነኝ፣ ቆይ።"

"ፌጦውን ማታ ነው ጠዋት የሚታሰረው በለው። ስጠኝ እኔ ልጠይቀው።"

ጉደታ ጣቱን አነሳ። "አይሆንም። ፈቃድ የለሽም።"

"ፈቃዱ ያንተ ነው፣ ጉልበቱ ግን የኔ ነው።"

"ሕግ ነው፣ ወርቄ። እኔ እጠይቅልሻለሁ።"

ጠየቀላት። ሲጨርስ፣ ጣቱን ለቆ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ጠበቀ። ሽሽታው ረዘመ። በቆጂ ላይ ያለው ሰው የጠፋ መሰለ። ከዚያ ሁሴኖ መጣ፤ አልጮኸም። ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ነበር።

"ኦቦ ጉደታ... እርስዎ ነዎት?" አለ። ከዚያ ጩኸቱ ተመለሰለት፤ "አካም ጂርቱ? ነጋ? ሎን ነጋ?" ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ፌጦው ማታ ነው የሚታሰረው።

ሚፍታ ይሄን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጠ። ሲጨርሱ፣ "እሜቴ፣ እኔ ስምምነታችሁን ሰምቼ ነው የመጣሁት" አለ፣ የላንድሮቨሯን ዳሽቦርድ በመዳፉ እያሻሸ። "ቃሉ 'ሰማሁህ' የምትል ነበረች። ሰውየው ብዙ ነገር አሉ፤ እሷን ግን አላሉም። እኔ እስከ መጨረሻው ጆሮዬን ሰጥቻለሁ።"

እውነቱን ነው። ሁለቱም ሰላምታ ላይ ነበሩ፣ እዚያ አልደረሱም።

ጉደታ ማይኩ ላይ ዘለለ። "ቆይ፣ አሁኑኑ ይላል፣ አስብለዋለሁ..."

"ተወው" አለች ወርቅቱ። ወደ ሚፍታ ዞራ፣ "ጉልበቴን ጠየቀ፤ ባየር ላይ፣ ሳያየኝ፣ ስንት ቀን ሙሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ይበል? በል ና፣ ምሳ ብላ። መኪናዋን አንሸጥም።"

"ምሳ ብቻ?" አለ ሚፍታ።

"ጎመን የለም እንጂ ጎመንም ነበር።"

ሚፍታ ምሳውን በላ፤ አልተቀየመም። አሁንም ቅዳሜ አሰላ ሲመጣ ብቅ ይላል። "ምናልባት ተጣልተው መኪናዋን ይሸጡ እንደሆነ ብዬ ነው" ይላል፤ ይልና ጋቢናው ውስጥ ገብቶ የሁሴኖ ሰላምታ እስኪደርሰው ይቀመጣል፤ ይሄውም ሁሴኖ ሚፍታን ሰላም በሉልኝ ሲል አለሁ ለማለት ነው።

ማን ቀድሞ ይጀምር የሚለው ግን ብዙ አጨቃጨቀ። "እርስዎ ታላቄ ነዎት፣ እኔ ነኝ የምጀምር" ይላል አንዱ፤ "እንዴት ተደርጎ፣ እኔ ነኝ ታናሹ" ይላል ሌላው፤ ሁለቱም ሲወለዱ ዓመቱን የጻፈላቸው የለም። የፈረደችው ወርቅቱ ናት። በቆጂ ከፍ ያለ ነው፣ አሰላ ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃም ብርድም ከበቆጂ ነው የሚወርደው፣ ሰላምታውም እንደዚያው ከላይ ይጀምር አለች። ስለዚህ ሁሴኖ ይጀምራል፣ ጢጥ እስኪባል ይናገራል፤ ጉደታ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አፉን ዘግቶ ያዳምጣል። ጭላሎን ግን ይቅርታ የጠየቀው የለም።

ወርቅቱ ይሄን ስትፈርድ ምን እንዳሰበች የታወቀው በማግሥቱ ነው። ስድስት ሰዓት ሲል ሁሴኖ ከብቶቹን ጀመረ። ጉደታ መሪው ላይ ጣቶቹን እየደበደበ፣ ፍሬኑን እየረገጠ፣ ተራውን እየጠበቀ ሳለ የጋቢናው በር ተከፈተ። ወርቅቱ ጠርሙሷን ይዛ ገብታ ጎኑ ተቀመጠች።

"አንገትህን ጣል" አለችው።

"እያዳመጥኩ ነው እኮ።"

"በጆሮህ ነው የምታዳምጠው። ጣል።"

መነሳት አይችልም፤ ከተነሳ ሰላምታው ያመልጠዋል፣ የሰው ሰላምታ ደግሞ አይጣልም። መናገርም አይችልም፤ ተራው አይደለም። አንገቱን ጣለ። ጠብታዋ ወረደች፤ ዓይኑ ውስጥ። ጨፈነ።

"ዓይንዎስ እንዴት ነው፣ ኦቦ ጉደታ?" ይላል ሁሴኖ። "ያን ጠብታ እየጨመሩ ነው?"

ጉደታ ጨፍኖ፣ አፉን ዘግቶ፣ ማይኩን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ተጋድሟል። የቀኝ እግሩ ብቻ ነዳጁን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። ሚስቱም እግሩን አየችና ተወችው።